«ጫካ ወድቆ የተገኘ ነው» ስለሚባለው የዝሆን ጥርስ



ጥያቄው ወደ እኛ የመጣው ከመግሪብ ሶላት በኋላ ነበር። ሰውየው ሰፉ እስኪበተን ጠብቆ፣ ጫማውን በእጁ እንደያዘ ተጠጋንና «ኡስታዝ፣ ሰው ጫካ ውስጥ ባለቤት የሌለው ነገር ወድቆ ቢያገኝ ለራሱ ይሆናል ወይ?» አለን። ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ስንጠይቀው «አጥንት ቢጤ ነው» አለና ወደ በሩ ዞር ብሎ ተመለከተ። ከሐረር ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ለሚኖር ሰው ይህ እንቆቅልሽ አይሆንበትም። በባቢሌ ቆላ ተገኝቶ፣ መስጂድ ውስጥ በሹክሹክታ የሚጠየቅበትና ገዢ የሚፈለግለት አጥንት አንድ ብቻ ነው። እኛ ግን ነገሩ ሳይገባን ቀርቶ ሳይሆን፣ ላለመነካካት ስንል «ሼኻችን ሲመጡ ጠይቃቸው» ብለን ሸኘነው። ተመልሶ አልመጣም።

መልስ እያለን ዝም ማለታችን እስከ ዛሬ ይቆረቁረናል። ሰው ፖሊስ ጋ ወይም ጠበቃ ጋ ከመሄዱ በፊት መስጂድ መጥቶ «ሐላል ነው ወይስ ሐራም?» ብሎ ሲጠይቅ ልቡ ገና አልደረቀም ማለት ነው። ያን በር የዘጋነው እኛ ነን። ስለዚህ ያን ቀን ማለት የነበረብንን ዛሬ እዚህ እንጻፈው።

ከፊቅሁ እንጀምር። ወድቆ የተገኘ ነገር ሉቀጣ ይባላል፤ የራሱም ደንብ አለው። ያገኘው ሰው ያስተዋውቃል፣ ባለቤቱን ይጠብቃል። ይህ ደንብ ግን ከሰው እጅ ለጠፋ ንብረት ነው። ዝሆን ጥርሱን እንደ ሳንቲም ከኪሱ አይጥልም። የጥርሱ ሲሶ ያህል ራስ ቅሉ ውስጥ የተተከለ ስለሆነ፣ ሙሉ ጥርስ የሚወጣው እንስሳው ከሞተ ብቻ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ማን ጣለው?» ሳይሆን «ዝሆኑ በምን ሞተ?» ተብሎ ነው። በእርጅና ወይም በድርቅ የሞተ ቢሆን እንኳ የሀገሪቱ ሕግ የዱር እንስሳ ውጤትን ያለ ፈቃድ መያዝንም መሸጥንም ከልክሏል። ደግሞም ገዢው ሚዛን ላይ ሲያስቀምጠው በራሱ የሞተውንና በጥይት የሞተውን አይለይም። ለሁለቱም ይከፍላል፤ ክፍያው የሚቀጥለውን ጥይት ይገዛል።

እዚህ ምሥራቁ ላይ አብዛኞቻችን የምንከተለው የሻፊዒይ መዝሀብ ደግሞ የዝሆንን ጥርስ ነጃሳ አድርጎ ነው የሚያየው። ዝሆን ሥጋው የማይበላ በመሆኑ ማረድም አያጠራውም፤ ነጃሳ የሆነ ነገር ደግሞ ሽያጩ አይጸናም። የሐነፊይ ኪታብ የቀሩ የወሎ ወንድሞቻችን «እኛ ዘንድ ጥርስና አጥንት ጦሃራ ነው» ሊሉን ይችላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ይህን መደበቅ ከአማና አይቆጠርም። ነገር ግን የሐነፊይ ዑለማዎች የተናገሩት ስለ ዕቃው ንጽሕና ነው። የተሰረቀ በግም ሥጋው ጦሃራ ነው፤ የሰረቀው ሰው ግን ሌባ ከመባል አይድንም። በሁለቱም መዝሀቦች ቢሆን ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ የተከለከለን ነገር ሰርቆ መሸጥ፣ አንድን ፍጥረት ከምድር እስኪጠፋ ማሳደድ ሐላል የሚሆንበት መንገድ አላየንም። ወላሁ አዕለም።

መድረሳ ውስጥ ሕፃናት ከፋቲሓ ቀጥሎ ከሚሐፍዟቸው አጫጭር ሱራዎች አንዷ ሱረቱል ፊል ናት። አንድ ሰባት ዓመት የማይሞላው ልጅ «ኡስታዝ፣ ዝሆኑ ግን ጥፋቱ ምን ነበር?» ብሎ ጠይቆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት አብረሃ ካዕባን ሊያፈርስ ከየመን ሲዘምት ከፊት ያስቀደመው ዝሆን ማሕሙድ ይባል ነበር። ወደ መካ ሲያዞሩት ተንበርክኮ እምቢ አለ፤ ወደ የመን ሲያዞሩት ግን ተነስቶ መሮጥ ጀመረ። ቢደበድቡት፣ በብረት ቢወጉትም ወደ ሐረሙ አልሄደም። በአንዳንድ ዘገባዎች ዝሆኑን ለአብረሃ የላከለት የሐበሻው ንጉሥ ነው። እንግዲህ ያ እምቢ ያለው እንስሳ ከኛው ምድር የሄደ ነው ማለት ነው። ጥፋቱ የሰዎቹ ነበር፤ ዝሆኑማ ከነሱ በላይ ገብቶት ነበር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የተወለዱበት ዓመትም በስሙ «የዝሆኑ ዓመት» ተብሎ ይጠራል።

የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ የተከለለው በ1962 ዓ.ም. ነው። ወደ 7,000 ስኩዌር ኪሎሜትር የሚጠጋ፣ የኤረርንና የጎበሌን ሸለቆዎች ይዞ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች መካከል የተዘረጋ ሰፊ ቆላ ነው። በወረቀት ላይ ማለታችን ነው። መሬት ላይ ያለው ሌላ ነው፤ ሰፈራው፣ እርሻው፣ ከሰሉና ከብቱ ውስጡ ገብተዋል፤ የዝሆኖቹም ቁጥር ከጥቂት መቶዎች አይዘልም። ከሌሎቹ የአፍሪካ ዝሆኖች ተነጥሎ የቀረ መንጋ በመሆኑ ቢያልቅ ከጎረቤት መጥቶ የሚተካው የለም። እናት ዝሆን የምታረግዘው 22 ወር ነው፤ በአራትና በአምስት ዓመት አንዴ ነው የምትወልደው። ውኃው በበጋ የት እንደሚገኝ የምታውቀው ደግሞ አሮጊቷ ናት፤ መንጋውን የምትመራውም እሷ ናት። ነፍሰ ገዳዩ ትልቅ ጥርስ ያላትን ሲመርጥ የመንጋውን መሪም አብሮ ይገድላል።

በዚህ ሁሉ ላይ «ለዝሆን ማልቀስ የፈረንጅ ሥራ ነው» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ሰው በተራበበትና በተፈናቀለበት ሀገር ስለ ዝሆን መጻፍ ቅንጦት ይመስላቸዋል። እኛም አንድ ሰሞን እንዲህ እናስብ ነበር። ግን ድመት አስራ በረሃብ ስለገደለች ሴት መቀጣት፣ ለተጠማ ውሻ በጫማው ውኃ ስለቀዳ ሰውም ምሕረት ማግኘት በሶሒሕ ሐዲስ ያስተማሩን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በዘመናቸው ረሃብና ስደት ያልነበረባቸው ነበሩ? የኡሑድን ሸሂዶች የቀበሩ፣ በረሃብ ሆዳቸው ላይ ድንጋይ ያሰሩ ነቢይ ናቸው ጫጩቶቿን የተነጠቀች ወፍ ስትበር አይተው «ማነው ያስጨነቃት?» ብለው ያስመለሱላት። ሐረሮችም ቢሆኑ በዐሹራ ለጅብ ገንፎ ሲያቀርቡ የኖሩት ጥጋብ አስቸግሯቸው አይደለም።

አውራሪስን እንደ ምሳሌ ውሰዱ። አውራሪስ የሚለው ቃል አማርኛችን ውስጥ አለ፤ እንስሳው ግን ከሀገራችን ጠፍቷል። ጥቁሩ አውራሪስ እ.ኤ.አ. በ1970 አካባቢ በመላው አፍሪካ ወደ 65,000 ይጠጋ ነበር፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከ2,500 በታች ወረደ። ሰሜናዊው ነጭ አውራሪስ የሚባለው ዝርያ የመጨረሻ ወንዱ ኬንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 ሞተ፤ የቀሩት እናትና ልጅ ሁለት ሴቶች ናቸው። ይህ ሁሉ የተደረገው ከኛ ጥፍር ጋር አንድ ዓይነት ነገር ለሆነ ቀንድ ነው።

እዚህ ላይ ጣታችንን ወደ ሩቅ ምሥራቅ ብቻ መቀሰር ይቀለናል፤ ግን ሐቁን እንናገር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የአውራሪስ ቀንድ ከሚሸመትባቸው ዋና ዋና ቦታዎች አንዷ ሙስሊም ሀገር ነበረች፤ የመን። የነዳጅ ዘመን መጥቶ ሳዑዲ ሠርቶ የተመለሰው የየመን ወጣት በወገቡ የሚታጠቀውን ጀምቢያ፣ እጀታው ከአውራሪስ ቀንድ የተሠራውን መግዛት ቻለ። ቀድሞ የባለጸጋና የሹም ጌጥ የነበረው የሁሉም ምኞት ሆነ። ያረጀውንና ያማረውን «ሰይፋኒ» እያሉ ያወድሱታል። ቀንዱ የሚሻገረው ከኛ ወገን፣ ከምሥራቅ አፍሪካ ነበር። የሰሜን የመን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1982 ቀንድ ማስገባትን ከለከለ። ክልከላው ብቻውን አልበቃም፤ ኮንትሮባንዱ ቀጠለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሀገሪቱ ሙፍቲ አውራሪስን መግደል ከአላህ ፈቃድ ጋር የሚጋጭ ነው ሲሉ ፈትዋ ሰጡ፤ የጎሽ ቀንድና ሌላ ነገር እጀታ መሆን ጀመረ። ፈትዋው ብቻ ነው ያዳነው አንልም። ዕድሉም የነበረውን ቀንድ አሟጦ ነበር፤ ድህነቱም ተጨመረበት። ግን የሕግ ወረቀት ያልገባበት ቤት የሙፍቲው ቃል ገባ።

ኢንዶኔዥያ ውስጥም የዑለማዎች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ፈትዋ ቁጥር 4 ሊጠፉ የተቃረቡ እንስሳትን ያለ አግባብ ማደንንና መነገድን ሐራም ብሏል። ሱማትራ ላይ ዝሆንም አውራሪስም ነብርም ስላላቸው ነው። የኛ መጅሊስስ? ዑለማዎቻችን በጫት፣ በአራጣ፣ በሠርግ ወጪ ላይ ብዙ ብለዋል፤ በዝሆን ጥርስ ላይ አንድ ገጽ ቢጽፉልን የባቢሌ ኢማም ሚንበር ላይ ይዞት ይወጣ ነበር።

አሁን ወደ ሀገራችን ሕግ እንምጣ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያስቀመጠው ቅጣት ከ5,000 እስከ 30,000 ብር ወይም ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት፣ አልያም ሁለቱንም ነበር። አዋጁ ሲወጣ 30,000 ብር የሚያስደነግጥ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ባቢሌ የግመል ገበያ ገብቶ 30,000 ብር የሚያወጣን ሰው ደላላው ይስቅበታል። የወንጀለኛው ትርፍ በዶላር እየተቆጠረ ቅጣቱ በብር ተጽፎ ሲቀር፣ ሕጉ በየዓመቱ ማንም ሳይነካው በራሱ እየቀለለ ይሄዳል። ነጋዴው ቅጣቱን እንደ ትራንስፖርት ወጪ ይዘው ይሆናል።

ሱረቱል ማኢዳህን የቀራ ሰው እዚህ ላይ ቆም ሊል ይገባል። የመጀመሪያው አንቀጽ ቃል ኪዳንን ስለ መሙላት አዝዞ፣ ሳይለቅ በዚያው አንቀጽ በኢሕራም ላይ ሆኖ አደን ስለ መከልከል ይናገራል። ወደ አንቀጽ 94 ሲደርስ አላህ ምእመናንን እጃቸውና ጦራቸው በሚደርስበት አውሬ እንደሚፈትናቸው ይነግራቸዋል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ቅጣቱን ይደነግጋል። ሆን ብሎ የገደለ ሰው የገደለውን የሚመስል የቤት እንስሳ ይከፍላል፤ ተመጣጣኙን የሚወስኑት ሁለት ፍትሐዊ ሰዎች ናቸው፤ ወይም ሚስኪኖችን ያበላል፣ ወይም በዚያ ልክ ይጾማል። ሶሓቦች በዚህ መሠረት ለሰጎን ግመል፣ ለሚዳቋ ፍየል፣ ለጅብ እንኳ በግ ፈርደዋል።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፤ ይህ ድንጋጌ የኢሕራምና የሐረም ነው። ከዚያ ውጭ አደን በመሠረቱ ሐላል ነው፤ ሚዳቋ አድኖ ልጁን ያበላን ሰው ሐጢአተኛ አንለውም። ከአንቀጹ የምንማረው ግን የሕግ አወጣጥን ነው። ቅጣቱ በዲናር አልተወሰነም። ዲናር ይረክሳል፤ ግመል ግን በየዘመኑ ግመል ነው። ባለዕውቀቶች ተቀምጠው በጉዳቱ ልክ ይመዝኑታል። ሕግ አውጪዎቻችን ከዚህ አንድ ነገር ቢወስዱ፣ መቀጮውን የተወሰነ ብር አድርገው ከመጻፍ ይልቅ ከእንስሳው ዋጋና ከትርፉ ብዜት ጋር ቢያስሩት ሕጉ አያረጅም ነበር። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣችው ሕግ ሊጠፉ በተቃረቡ እንስሳት ላይ ለሚፈጸም ወንጀል ከ20 ሚሊዮን ሽልንግ የማያንስ መቀጮ ወይም የዕድሜ ልክ እስራት አስቀምጣለች። ሁለቱን አወዳድሩ፤ ጥርስ ይዞ ድንበር ለሚሻገር ሰው ከየትኛው ወገን መያዝ እንደሚቀለው ግልጽ ነው።

ሆኖም ከባድ ቅጣት መጻፍ ብቻውን ዝሆን አያድንም። ሞምባሳ ላይ ከሁለት ቶን በላይ ጥርስ ተይዞ፣ አንድ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ2016 20 ዓመት ተፈረደበት፤ ጋዜጣው ሁሉ አጨበጨበ። በ2018 ከፍተኛው ፍርድ ቤት የማስረጃው አያያዝ ጉድለት አለበት ብሎ በነጻ አሰናበተው። በሸሪዓም ብያኔ ያለ በይና አይጸናም፤ ዳኛውን አንወቅስም። የሚያሳፍረው ቶን የሚመዝን ማስረጃ ይዞ ማስረጃውን በሥርዓት መመዝገብ ማቃት ነው። ስለዚህ «ሕጉ ይጥበቅ» ስንል ዓቃቤ ሕጉ ይሠልጥን፣ ስካውቱ ደመወዙ በጊዜው ይከፈለው፣ የተያዘው ጥርስ ከተያዘበት ቀን ጀምሮ በማን እጅ እንደነበረ ይጻፍ ማለታችንም ነው። ሀገራችን በመጋቢት 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያከማቸችውን 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ አቃጥላለች። ያ ጥሩ ሥራ ነበር፤ መጋዘን ውስጥ ያለ ጥርስ ሁሌም የሌባ ዓይን አያጣውም። ግን 6.1 ቶን ማለት ስንት ራስ ዝሆን እንደሆነ አስቡት።

አሁን ደግሞ ብዙዎቻችን የማንወደውን እንበል። የሚታሰረው ማነው? ስካውት የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ ቆላ ውስጥ ያለ እረኛ ወይም ሥራ የሌለው ወጣት ነው፤ ጠመንጃው የተዋሰው፣ ጥርሱ የሌላ ሰው ነው። ከተማ ውስጥ ስልክ የሚደውለው፣ መኪና የሚልከው፣ ከቦሌ ሻንጣ የሚያሻግረው ሰው ስሙ መዝገብ ላይ አይገኝም። አንዳንዴም ከፊት ሰፍ ይሰግዳል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በኸምር ጉዳይ የረገሙት ጠጪውን ብቻ አልነበረም፤ ጠማቂውን፣ ተሸካሚውን፣ ሻጩን፣ ገዢውን፣ ዋጋዋን የበላውንም ጨምረው አሥር ሰው ቆጥረዋል። ወንጀልን በሰንሰለቱ ልክ ማየት ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ዳሬሰላም ላይ እ.ኤ.አ. በ2019 አንዲት ታዋቂ ነጋዴ በዝሆን ጥርስ ንግድ 15 ዓመት ሲፈረድባት የሰንሰለቱ ላይኛው ጫፍም ሊነካ እንደሚችል አይተናል። የኛም ሕግ ለተኳሹና ለገዢው አንድ ዓይነት ቅጣት ሳይሆን ወደ ላይ በወጣ ቁጥር የሚከብድ ቅጣት ይኑረው። ቤቱ፣ መኪናው፣ በዚህ ገንዘብ የተሠራው ሕንፃ ይወረስ።

ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ለሕዝብ እንስሳት ጥብቅ መሬት፣ ሒማ፣ ከልለው ሁነይ የሚባል አገልጋያቸውን ሲሾሙበት የሰጡት ትእዛዝ በቡኻሪ ተዘግቧል። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ድሃ አስገባው፤ የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍንና የዑስማን ኢብኑ ዐፋንን መንጋ ግን አታስገባ አሉት። ሁለቱ ባለጸጎች መንጋቸው ቢያልቅ ወደ እርሻና ወደ ተምር ይመለሳሉ፤ ድሃው ግን ከብቱ ቢሞት ልጆቹን ይዞ እኔ በር ላይ ይቆማል አሉ። ኢብኑ ዐውፍና ዑስማን (ረ.ዐ.) ጀነት የተበሠረላቸው ሶሓቦች ናቸው። ዑመር ጥብቅ መሬት ሲጠብቁ ያዩት የሰውየውን ደረጃ አልነበረም። ባቢሌ ውስጥ ጭራሮ የለቀመችን መበለት አስሮ የከሰል ጫኙን ኤፍኤስአር አሳልፎ የሚያይ ኬላ ይህን ሐዲስ ቢሰማ ጥሩ ነው።

ከዚያ ገበሬው አለ። ዝሆን የሚወደድ እንስሳ የሚሆነው ማሽላ ለሌለው ሰው ነው። ዓመት የለፋበትን ማሳ በአንድ ሌሊት መንጋ ሲገባበት ያየ አባወራ ለልጆቹ ምን ያብላ? ማታ ማታ እሳት ለኩሶ ቆርቆሮ እየደበደበ የሚያድር ሰው ዘንድ ሄደን «እንስሳም እንዳንተው ኡመት ነው» ብንለው አንገቱን ነቅንቆ ይሸኘናል። ስለዚህም ነው ሕጉ ካሳ የሌለው ከሆነ ግማሽ ሕግ ነው የምንለው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የአንድ ሶሓባ ግመል የሰው አትክልት ውስጥ ገብታ ስታጠፋ ባለ አትክልቱ ቀን እንዲጠብቅ፣ ሌሊት ለደረሰው ጥፋት ግን ባለ እንስሳው እንዲጠየቅ ፈርደዋል። መንግሥት «ዝሆኑ የኔ ነው፣ የነካው ይታሰራል» ካለ፣ ዝሆኑ ሌሊት ያጠፋውንም የኔ ነው ይበል።

ከዚህም የሚልቅ ፍርድ አለ። ሱረቱል አንቢያእ ላይ የተወሳው የዳውድና የሱለይማን (ዐለይሂመሰላም) ጉዳይ ነው፤ በጎች ሌሊት የሰው ማሳ ገብተው በልተዋል። ሙፈሲሮች እንደሚያብራሩት ዳውድ በጎቹ ለባለማሳው እንዲሰጡ ፈረዱ። ሱለይማን ግን ማሳው እስኪያገግም ድረስ ባለማሳው በበጎቹ ወተትና ሱፍ ይጠቀም፣ ከዚያ ሁሉም ወደየባለቤቱ ይመለስ አሉ። በጎቹም ኖሩ፤ ገበሬውም ካሰ። የሱለይማንን ፍርድ ወደ ባቢሌ አምጡት፤ ዝሆኑ አይገደልም፣ ጥቅሙ ግን ለተጎዳው ይደርሳል። ዝሆን ሊያይ የሚመጣ ጎብኚ የሚከፍለው ገንዘብ ማሽላው የተበላበት ቀበሌ ሳይደርስ አዲስ አበባ የሚቀር ከሆነ፣ ወተቱን ሌላ ሰው እየጠጣው ነው። ስካውት ሲቀጠር የቆላው ልጅ ይቀጠር። ኬንያ በዚያው ሕጓ ሰው ለሞተበት ቤተሰብ አምስት ሚሊዮን ሽልንግ ካሳ ደንግጋለች፤ ክፍያው ይዘገያል ብለው ሰዎቹ ቢያማርሩም የሚጠይቁበት አንቀጽ አላቸው። የኛ ገበሬ ምን ይዞ ይጠይቅ?

ዓለም አቀፉ ውልም ቃል ኪዳን ነው። ሀገራችን ሳይተስ የሚባለውን የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1989 ተቀላቅላለች፤ በዚያው ዓመት ነው የዝሆን ጥርስ ንግድ በዓለም ደረጃ እንዲታገድ የተወሰነው። ከአሥር ዓመት በፊት በአፍሪካ ወደ 1.3 ሚሊዮን ይገመት የነበረው ዝሆን በግማሽ ያህል ስለተመታ ነበር። በኋላ ግን ራሳቸው ፈራሚዎቹ በሩን ገርበብ አድርገው እ.ኤ.አ. በ2008 ከደቡብ አፍሪካ፣ ከናሚቢያ፣ ከቦትስዋናና ከዚምባብዌ ከ100 ቶን በላይ ጥርስ ለቻይናና ለጃፓን እንዲሸጥ ፈቀዱ። ገበያ ላይ ሕጋዊ ጥርስ ሲኖር ሕገወጡ ከሥሩ ይደበቃል። በ2016 ይፋ የሆነው ትልቁ የዝሆን ቆጠራ በ18 ሀገሮች 352,271 የሣር ምድር ዝሆን ብቻ ሲያገኝ፣ በሰባት ዓመት 30 በመቶ መቀነሱን ተናገረ። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ የሀገር ውስጥ ገበያዋን ዘጋች፤ ቀድማ ብትዘጋው ኖሮ ስንት መንጋ ይተርፍ ነበር። ጓሮ በር ያለው ክልከላ እንዲህ ነው።

እና ወደ መስጂዳችን እንመለስ። ሼኻችንን አማክረን ከጁሙዓ ኹጥባዎች አንዷን ለዚህ ጉዳይ ይዘናል፤ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን ቆላ ለሚኖሩት በሚገባቸው በኦሮምኛና በሶማልኛም ይነገራል። ከዝሆን ጥርስ የመጣ ገንዘብ ለመስጂድ ምንጣፍም ሆነ ለመድረሳ ጣሪያ እንደማንቀበል በግልጽ እንናገራለን። ይህን ስንል ፊታቸው የሚጠቁር ሰዎች እንደሚኖሩ እናውቃለን፤ ጣሪያው ያፈስስ። ሕግ አውጪዎችን ደግሞ አንድ ነገር እንለምናለን። ጥርስ በእጁ ያለ ደሃ የተወሰነ ጊዜ ተሰጥቶት፣ በሽማግሌና በመስጂድ በኩል ሳይታሰር የሚያስረክብበት አንቀጽ ይጻፍ። አሁን ባለው ሁኔታ ጥርስ ይዞ የሚመጣ ሰው በምስክርና በተከሳሽ መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ስለሆነ፣ ከማስረከብ መሸጥ ይቀለዋል።

ያ ሰው ይህን ካነበበ ወይም ያነበበ ዘመድ ካለው፣ መልሳችን ይህ ነው። አይሆንልህም፤ አትሽጠው፣ ዋጋም አትጠይቅበት። ያገኘህበትን ቦታ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ እዚያ ጥላው ውስጥ ጥይት ወይም የጎማ አሻራ ሊኖር ይችላል። ቢሮው ድረስ ብቻህን አትሄድም። ከመግሪብ በኋላ እዚያው ደጃፍ ላይ ነን፤ ሼኻችንም ነገሩን ያውቃሉ፣ አብረንህ እንሄዳለን።